ዋሱ ያልተጠራ ሙግት፦ የአመክንዮ ስልቶችና የሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ደራሲነት ክርክር

1. መግቢያ

በዚህ መጣጥፍ የማነሣው ጉዳይ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ የምመለከትበት አንጻር ግን ምናልባት እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ብዙ ካከራከሩን የግእዝ መጻሕፍት አንዱ ነው። ክርክሩ በአብዛኛው የሚነሣው መጽሐፉ በሚለው ነገር ላይ ሳይሆን መጽሐፉን ማን ጻፈው በሚለው ላይ ነው። አንደኛው ወገን ደራሲው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ በአክሱም አቅራቢያ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን መጽሐፉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ኢጣሊያዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ የተፈጠረ ነው ይላል። ክርክሩ ከተጀመረ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም አልበረደም።

ዓላማዬ ከሁለቱ አንዱን ደግፎ ሌላውን ማሳፈር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ተሟጋቾቹ ከማስረጃቸው ወደ መደምደሚያቸው የተሻገሩበት መንገድ ነው። በፍልስፍናና በሳይንስ ውስጥ ሰዎች እንዴት እንደሚያመዛዝኑና እንዴት እንደሚሟገቱ የተጠኑ ስልቶች አሉ። እነዚህን ስልቶች በዚህ የደራሲነት ክርክር ላይ ስናውል አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል ብዬ አምናለሁ። ክርክሩ እልባት ያጣው ማስረጃ ስላነሰው ብቻ አይደለም። ማስረጃውን ከመደምደሚያው ጋር የሚያስተሳስሩት ግምቶች ሳይነገሩና ሳይመረመሩ ስለታለፉም ጭምር ነው። ይህንንም ደረጃ በደረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ። ልዩ ማመልከቻ ካልተጨመረበት በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የክርክሩ ታሪክ ባጭሩ

ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በ1846 ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ አብዛኛውን ጊዜውንም በጋይንት፣ በቤተ ልሔም አካባቢ አሳለፈ። በዚያም ግእዝና አማርኛ ተማረ። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን ይሰበስብ ለነበረው ለአንትዋን ዳባዲም መጻሕፍት እያስገለበጠ ይልክለት ነበር። ስለ ሐተታው ለዳባዲ ያሳወቀውና የመጀመሪያውን ቅጂ የላከለት በ1852 እና በ1853 ነው። በኋላም የደቀ መዝሙሩን የወልደ ሕይወትን ሐተታ ጭምር የያዘ ሌላ ቅጂ ከዳባዲ እጅ ገባ። ዳ ኡርቢኖ በ1855 ከአገር ተባረረ፤ በ1856 በካርቱም ሞተ። ሁለቱ ቅጂዎች ዛሬ በፓሪስ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በዳባዲ ስብስብ ይገኛሉ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሩሲያዊው ቦሪስ ቱራየቭና ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን መጽሐፉን ለኅትመት አበቁት፤ ያን ጊዜ ስለ ደራሲው ኢትዮጵያዊነት የተነሣ ጥያቄ አልነበረም። በ1920 ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ የዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ከማስረጃዎቹ አንዱ አባ ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ካህን ስለ ዳ ኡርቢኖ የሰጡት ምስክርነት ነበር። በ1934 ኦይገን ሚትቮክ ይህንኑ አቋም የሚያጠናክር ጥናት አሳተመ። በጥናቱም ዳ ኡርቢኖ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ የተረጎመውን ሌላ መጽሐፍ መነሻ አደረገ።

በ1970ዎቹ ክሎድ ሰምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነው በኢትዮጵያ ፍልስፍና ላይ ባሳተሟቸው ተከታታይ ቅጾች የኮንቲ ሮሲኒንና የሚትቮክን ማስረጃዎች አንድ በአንድ መርምረው ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ። የግእዙን ሊቅ ዓለማየሁ ሞገስን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ምሁራንም ይህን አቋም ደግፈዋል። ጉዳዩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2013 ፈረንሳያዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን መጽሐፉ የዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው የሚለውን አቋም በሰፊ ጥናት መልሰው አነሡት። በ2017 ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ባሳተሙት ጽሑፍ የሐተታው ባለቤት ተራኪው በራሱ አንደበት እንደሚለው ወርቄ የተባለ ኢትዮጵያዊ ነው የሚል አቋም ይዘዋል። በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ በ2024 ደግሞ በደራሲነቱና በፍልስፍናው ላይ የተጻፉ ጥናቶች ስብስብ ታትመዋል።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሁሉም ተሟጋቾች የሚያነብቡት ያንኑ ጽሑፍ፣ የሚያገላብጡትም እነዚያኑ ሁለት ቅጂዎችና እነዚያኑ ደብዳቤዎች ነው። ታዲያ ከአንድ ማስረጃ ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያ እንዴት ይወጣል?

3. ሰው እንዴት ያመዛዝናል?

አሪስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሰዎች በአደባባይ ሲሟገቱ የሙግታቸውን ክፍሎች ሁሉ እንደማይዘረዝሩ ያስረዳል። ሰሚው ከራሱ የሚያሟላውን ተናጋሪው ይዘለዋል። «እሱ ትኩሳት አለው፤ ስለዚህ ታሟል» የሚል ሰው ትኩሳት ያለው ሁሉ የታመመ ነው የሚለውን መንደርደሪያ አይናገርም፤ ሰሚው አብሮ ያስበዋል። ይህ ጎዶሎ ሙግት ለዕለት ኑሮ ይበቃል። ለምርምር ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ያልተነገረ ነገር አይመረመርም።

ሁለተኛው ስልት በሳይንስ ጎልቶ የሚታየው፣ ከታየ ነገር ተነሥቶ ያንን ነገር የሚያብራራ ምክንያት መገመት ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ፐርስ ይህን ከጠቅላላ ወደ ዝርዝርም፣ ከዝርዝር ወደ ጠቅላላም ከሚሄዱት ስልቶች ለይቶ ሦስተኛ የአመክንዮ ዓይነት አድርጎታል። አካሄዱ እንዲህ ነው፤ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የታየው ነገር አያስደንቅም ነበር፤ ስለዚህ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

የዚህን ስልት ብርታትና ድክመት አንድ የሥነ ፈለክ ታሪክ በደንብ ያሳያል። ኡራኑስ የተባለው ፈለክ በስሌት ከተቀመጠለት መንገድ ዝንፍ ይል ነበር። ፈረንሳያዊው ኡርባን ለ ቬሪዬ ያልታየ ሌላ ፈለክ ቢስበው ነው ብሎ ገመተ፤ የዚያንም ፈለክ ስፍራ በስሌት አመለከተ። በመስከረም ወር 1846 በበርሊን የነበረው ዮሐን ጋለ መነጽሩን ወደ ተባለው አቅጣጫ ቢያዞር ኔፕቲዩንን አገኘው። ይኸው ለ ቬሪዬ በ1859 የሜርኩሪ መንገድም እንዲሁ ዝንፍ እንደሚል አስተዋለና በዚያው ዓይነት አስተሳሰብ በፀሐይ አቅራቢያ ሌላ ፈለክ መኖር አለበት አለ። ፈለኩ ቩልካን ተብሎ ስም እንኳ ወጥቶለት ነበር፤ ግን አልነበረም። የሜርኩሪን ዝንፈት በ1915 አንስታይን ስለ ስበት ባቀረበው አዲስ ትንተና አብራራው። ሰውየው አንድ ነው፤ የሙግቱም መልክ አንድ ነው። አንዱ ፈለክ ተገኘ፣ ሌላው ጠፋ። ከዚህ የምንማረው የሙግት መልክ ማማሩ ብቻ ለእውነት ዋስትና እንደማይሆን ነው። ግምቱ ከውጭ መፈተን አለበት፤ ተፎካካሪ ማብራሪያዎችም አብረው መቅረብ አለባቸው።

ሦስተኛውና ለዚህ ጽሑፍ በጣም የሚጠቅመኝ እንግሊዛዊው ስቲቨን ቱልሚን በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው የሙግት ሥዕል ነው። ቱልሚን አመክንዮን በጂኦሜትሪ ከመመሰል ይልቅ በፍርድ ቤት ሙግት መመሰል ይሻላል ይላል። እሱ እንደሚለው በማንኛውም ሙግት ውስጥ አቋም አለ፤ ለአቋሙ የሚቀርብ ማስረጃ አለ፤ ማስረጃውን ከአቋሙ ጋር የሚያስተሳስር ማገናኛ አለ። ማገናኛውን የሚደግፍ መሠረት፣ የእርግጠኝነቱን ልክ የሚያሳይ ቃል፣ እንዲሁም «እንዲህ ካልሆነ በስተቀር» የሚል ማፍረሻም አሉ።

ይህ ሥዕል ለእኛ ባዕድ አይደለም። በአገራችን የቆየ የሙግት ሥርዓት፣ «በልሃ ልበልሃ» እየተባለ ሲካሄድ በነበረው ችሎት፣ ተሟጋች ዋስ ይጠራ ነበር፤ ከዚያም «ተጠየቅ» እያለ ባላጋራውን በጥያቄ ይይዘዋል። ስለዚህ ቱልሚን ከማስረጃ ወደ አቋም የሚያሻግር ያለውን ማገናኛ እኔ በዚህ ጽሑፍ «ዋስ» እለዋለሁ፤ ለዋሱ መሠረት የሚሆነውን ደግሞ «ደጀን» እለዋለሁ። ምስክር መቁጠር ብቻውን ሙግት አይሆንም። ምስክሩ የተናገረው ነገር ለምን ወደዚህ ፍርድ እንደሚያደርስ ዋስ መጥራት ያስፈልጋል።

4. ያልተጠሩት ዋሶች

አሁን ወደ ሐተታው እንመለስ። መጽሐፉ የዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉ ወገኖች ከሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች አንዱ የመጽሐፉ አስተሳሰብ ነው። ተራኪው የሃይማኖት ሥርዓቶችን በልቡና ይመረምራል፤ ጾምን፣ ምንኩስናን፣ የሙሴን ሕግ፣ ከአንድ በላይ ማግባትን፣ የሰው ንግድን ይተቻል። ይህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮጳ አስተሳሰብ ይመስላል፤ ስለዚህ ጸሐፊው አውሮጳዊ ነው ይባላል። በዚህ ሙግት ውስጥ ዋሱ አልተጠራም። ብንጠራው እንዲህ የሚል ሆኖ እናገኘዋለን፦ «በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ሊያስብ አይችልም።»

ይህ ዋስ በአደባባይ ቢቆም ደጀኑ ምንድን ነው? የዘመኑ የግእዝ ጽሑፍ በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ መሆኑ አንድ ደጀን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «በአብዛኛው» ከሚል ደጀን ላይ «አይችልም» የሚል ዋስ አይቆምም። ከዚህም በላይ የሚያፈርሰው ነገር አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ደቂቀ እስጢፋኖስ ለንጉሥ አንሰግድም ብለው በራሳቸው ኅሊና ጸንተው ብዙ መከራ ተቀብለዋል፤ ታሪካቸውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰው አሳትመውታል። ሐተታው ታሪኩን በሚያስቀምጥበት በአፄ ሱስንዮስ ዘመንም አገሪቱ በሃይማኖት ክርክር ትታመስ ነበር። ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሁለት ወገኖች እውነቱ ከእኛ ጋር ነው ሲሉ የሰማ አስተዋይ ሰው በሁለቱ መካከል ማን ይፈርዳል ብሎ ቢጠይቅ ምን ያስገርማል? በእርግጥ ደቂቀ እስጢፋኖስ ከእምነታቸው ውጭ የቆሙ ፈላስፎች አልነበሩም። ይህ ምሳሌ የሐተታውን ኢትዮጵያዊነት አያረጋግጥም፤ «አይችልም» የሚለውን ዋስ ግን ይጥለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አስፈላጊ ነው። ኮንቲ ሮሲኒ በ1935፣ ወረራው በተቃረበበት ጊዜ፣ ኢትዮጵያ ለሥልጣኔ እድገት ብቃት የላትም የሚል ጽሑፍ አሳትሟል። ከዚህ ተነሥቶ «እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሐተታው የተናገረው ሁሉ ውሸት ነው» ማለት ይቀናል። ይህ ግን ራሱ ዋሱ ያልተጠራ ሙግት ነው። የተናጋሪው ዝንባሌ ዋሱን እንድንጠራጠር ምክንያት ይሆናል፤ ማስረጃውን ግን በራሱ አይሽረውም። አባ ተክለ ሃይማኖት የሰጡት ቃል በምን ያህል በዓይን ከታየ፣ በምን ያህልስ ከወሬ የመጣ ነው ብሎ መጠየቅ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ሰምነርም የሄዱበት መንገድ ይህ ነው። ቃሉን የጠቀሰው ማን ነው ብሎ መተው ግን ምርምርን ወደ ዘር ቆጠራ ይለውጠዋል።

በሌላው ወገንም ያልተጠራ ዋስ አለ። የሐተታው ግእዝ የበሰለ ነው፤ መዝሙረ ዳዊትን እንደ ውኃ የጠጣ፣ በአገሩ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ግእዝ ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ነው ይባላል። ዋሱ «የውጭ አገር ሰው እንዲህ ያለ ግእዝ ሊጽፍ አይችልም» የሚል ነው። ይህም ከመጀመሪያው ጋር መንትያ ነው፤ ሁለቱም «አይችልም» በሚል ቃል ላይ የቆሙ ናቸው። ጀርመናዊው አውግስት ዲልማን ኢትዮጵያን ሳይረግጥ በ1857 የግእዝ ሰዋስው፣ በ1865 ደግሞ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ የግእዝ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ቋንቋን ማወቅና በቋንቋው ድርሰት መጻፍ አንድ እንዳልሆነ አልክድም፤ ዲልማን ድርሰት አልጻፈም። ዳ ኡርቢኖ ግን በአገሩ ውስጥ 9 ዓመት ያህል ኖሯል፤ ደብተሮችም ያስተምሩትና ይገለብጡለት ነበር። ደብተራና ሚሲዮናዊ አብረው ተቀምጠው ጽፈውት ቢሆንስ? ወይም የቆየ ጽሑፍ ተገኝቶ ዳ ኡርቢኖ እየቀነሰና እየጨመረ ገልብጦት ቢሆንስ? «ወይ ይህ ወይ ያ» ብሎ የተጀመረ ክርክር እነዚህን ሁለት አማራጮች ገና ከደጃፉ መልሷቸዋል።

5. ማስረጃን መመዘን

ሁለቱን «አይችልም»ዎች ካሰናበትን በኋላ ምን ይቀራል? የሚቀረው ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱን ማስረጃ በሚዛን ማስቀመጥ። ስሙ ከሞተ በኋላ በ1763 በታተመ ጽሑፉ የሚነሣው ቶማስ ቤይስ የከፈተው የአስተሳሰብ መንገድ እዚህ ይጠቅማል። የምንጠይቀው «ይህ ማስረጃ ከእኔ አቋም ጋር ይስማማል ወይ?» ብለን ብቻ መሆን የለበትም። «የእኔ አቋም እውነት ቢሆን ይህ ማስረጃ ምን ያህል ይጠበቃል? የተቃራኒዬ አቋም እውነት ቢሆንስ?» ብለን መጠየቅ አለብን። በሁለቱም በኩል እኩል የሚጠበቅ ማስረጃ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለማንም አይመዝንም።

በመጀመሪያ የቅጂዎቹን ጉዳይ እንይ። በዳ ኡርቢኖ እጅ ያላለፈና ከእሱ ዘመን የቀደመ የሐተታው ቅጂ እስካሁን አልታወቀም። መጽሐፉ የእሱ ፈጠራ ከሆነ ይህ ፍጹም የሚጠበቅ ነው። ጥንታዊ ከሆነ ደግሞ ያን ያህል ባይጠበቅም የማይሆን አይደለም፤ የብዙዎችን እምነት የሚተች መጽሐፍ በስፋት አይገለበጥም፤ ተራኪውም ሐሳቡን ከሰው ደብቆ እንደኖረ ይናገራል። ስለዚህ ይህ ማስረጃ ወደ ተጠራጣሪዎቹ ያጋድላል፤ ይሁን እንጂ ብቻውን አይፈርድም። በሌላ በኩል «ስለ ተደበቀ ነው» የሚለው ምላሽም ዋጋ ያስከፍላል። ቅጂ ባልተገኘ ቁጥር «ተደብቆ ነው» የምንል ከሆነ ቩልካንን ሲፈልጉ እንደ ኖሩት ሰዎች እንሆናለን። እዚህ ላይ ሁለቱ አቋሞች እኩል እንዳልሆኑ ልብ ይሏል። ከ1852 በፊት መጻፉ የተረጋገጠ አንድ ቅጂ ነገ በአንድ ገዳም ቢገኝ ዳ ኡርቢኖ ፈጠረው የሚለው አቋም በአንድ ጊዜ ይወድቃል። አለመገኘቱ ግን ፈጠራ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ፍለጋው በሰፋ መጠን ጥርጣሬውን ያጠነክራል እንጂ።

ሁለተኛው የልደቱ ቀን ነው። ተራኪው የተወለደው ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. ነው ይላል። ዳ ኡርቢኖ የመነኮሰበት ስም ጁስቶ ይሁን እንጂ የተጠመቀበት ስም ጃኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ ነው፤ የተወለደውም በኦገስት 30 ቀን 1814 ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዘመን አቆጣጠር ንጽጽር ኦገስት 30 ከነሐሴ 25 ጋር ይገጥማል። ይህ የሚያስደነግጥ መገጣጠም ነው። ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው የሚሉ ወገኖች በፌዝ ሊያልፉት አይገባም፤ በእኔ ሚዛን ከተጠራጣሪዎቹ ማስረጃዎች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር መታየት አለበት። ቀኑ ብቻ በአጋጣሚ የመግጠም እድሉ ከ365 አንድ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ፈላጊው መገጣጠም ሊያገኝ የሚችልባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ የመነኮሰበት ቀን፣ የትውልድ ስፍራ፣ የመምህር ስም። ብዙ ቦታ የፈለገ ሰው አንድ ቦታ ማግኘቱ አይቀርም። በተጨማሪም ሐሰተኛ ደራሲ ማንነቱን እየደበቀ የልደት ቀኑን ይተዋል ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ የሚተዉ ደራስያን መኖራቸውን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ቢያሳይም። ስለዚህ ማስረጃው ይመዝናል፤ በእርግጠኝነት ግን አይዘጋም።

ሦስተኛው በዳ ኡርቢኖ ደብዳቤዎችና በሐተታው መካከል ይታያል የሚባለው የሐሳብ መመሳሰል ነው። ይህ በሁለቱም አቅጣጫ ሊነበብ ይችላል። ዳ ኡርቢኖ የራሱን ሐሳብ በመጽሐፉ ውስጥ አስገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መጽሐፉ ሐሳቡን ለውጦት፣ ወይም ሐሳቡን ስለመሰለለት ወድዶት ሊሆን ይችላል። የሚለየው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ሐሳቡ በደብዳቤዎቹ ውስጥ መጽሐፉ ተገኘ ከተባለበት ቀን በፊት ጎልቶ ከታየ መጽሐፉ ለወጠው የሚለው ንባብ ይዳከማል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ከታየ ይበረታል። ስለዚህ ከመመሳሰሉ ይልቅ ቀኑን መቁጠር ይበልጥ ይጠቅማል።

አራተኛው የቃላት ታሪክ ነው። በ1440 ጣሊያናዊው ሎሬንዞ ቫላ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ለሮማ ጳጳስ ሰጠው የተባለውን የስጦታ ሰነድ ሐሰተኛነት ያጋለጠበት ሙግት ለቋንቋ ተማሪ አብነት ነው። በሰነዱ ውስጥ በቆስጠንጢኖስ ዘመን የሮማ ሹማምንት ሊጠሩበት የማይችሉ መጠሪያዎችና የዘመኑ ያልሆነ ላቲን እንዳሉ አሳየ። ዋሱ ግልጽ ነው፤ ሰው ገና ያልተፈጠረ ቃል ሊጽፍ አይችልም። ይህ «አይችልም» ከላይ ከጣልናቸው ይለያል፤ ስለ ሰው ዘር ችሎታ የተነገረ ግምት ሳይሆን በጽሑፍ መዝገብ የሚፈተን ነው። እንዲያም ሆኖ ማፍረሻ አለው፤ ገልባጭ በቆየ ጽሑፍ ውስጥ የራሱን ዘመን ቃል ሊያስገባ ይችላል። ስለ ሐተታው ግእዝ «ያምራል» እና «አያምርም» ከማለት ይልቅ፣ እያንዳንዱ ቃልና አገባብ በየትኛው ዘመን ጽሑፍ እንደሚገኝ የሚያሳይ ሥራ ከመቶ የአድናቆት ገጾች ይበልጣል እላለሁ።

6. ሐተታው ራሱ እንዴት ይሟገታል?

የደራሲነቱ ክርክር ካስረሳን ነገሮች አንዱ መጽሐፉ ራሱ የሙግት መጽሐፍ መሆኑ ነው። ተራኪው በዋሻ ተቀምጦ፣ ዳዊቱን ይዞ፣ የሚጸልይለት አምላክ መኖሩን ይጠይቃል። እኔን የወለዱኝ ወላጆቼ ናቸው፤ እነሱንስ? እያለ ወደ ኋላ ይሄድና፣ ወላጅ ያልነበራቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጋ ሲደርስ፣ ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖር አለበት ይላል። ቀጥሎ ሰዎች ሁሉ የየራሳቸውን እምነት እውነት ነው እያሉ ሲጣሉ ያይና፣ ሁሉም ተከራካሪ ከሆነ ዳኛ ከየት ይመጣል ይላል። መልሱ ለሰው ሁሉ የተሰጠ ልቡና ነው የሚል ነው። በዚህም ዳኛ ፊት የሙሴን ሕግ ያቆመዋል፤ የሴት ልጅ የወር አበባ ፈጣሪ ባደረገው ሥርዓት የሚመጣ ሆኖ ሳለ ሕጉ ርኩስ ቢለው፣ ሕጉ ከፈጣሪ ሥራ ጋር ተጣልቷል ማለት ነው ይላል። ዋሱን እዚህ በግልጽ ይጠራል፤ ከፈጣሪ የመጣ ሕግ የፈጣሪን ሥራ አያፈርስም።

የወልደ ሕይወት ሐተታ በአንጻሩ መምህር ተማሪውን እንደሚመክር ይናገራል። ብዙ ቦታ በምሳሌና በተረት ያስረዳል፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ ይመክራል። በሁለቱ መካከል ያለው የአካሄድ ልዩነት ሰምነርን ጨምሮ ብዙዎች ያስተዋሉት ነው፤ ሁለት አካሄድ ሁለት ደራሲ ያሳያል የሚል ሙግትም ተነሥቶበታል። የዚህም ዋስ መመርመር አለበት። አንድ የሠለጠነ ደራሲ ሁለት ገጸ ባሕርያትን በሁለት ድምፅ ሊያናግር እንደሚችል ልብ ወለድ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን በድምፅ ብቻ ሳይሆን ሳያስቡት በሚወጡ ነገሮች፣ በአያያዥ ቃላት ምርጫና በመጽሐፍ ቅዱስ አጠቃቀስ ልማድ፣ ልዩነቱ ከጸና ሙግቱ ይበረታል። ደራሲ ገጸ ባሕርይን በእቅድ ሊለይ ይችላል፤ የአያያዥ ልማዱን ግን በእቅድ መለየት ይከብደዋል። እዚህ ላይ ቱልሚን የሚለው የእርግጠኝነት ልክ ይመጣል፤ «ይከብደዋል» አልን እንጂ «አይችልም» አላልንም።

7. ማጠቃለያ

አማርኛ የእርግጠኝነትን ልክ የሚለይ ሰፊ መሰላል አለው። «ነው» አለ፤ «መሆን አለበት» አለ፤ «ሳይሆን አይቀርም» አለ፤ «ይሆናል» አለ፤ «ሊሆን ይችላል» አለ። ስለ ሐተታው በአማርኛ የተጻፈውን ስናነብ ግን በአብዛኛው የምናገኘው የመሰላሉን ጫፍ፣ «ነው» እና «አይደለም»ን ነው። ማስረጃው የሚያደርሰን «ሳይሆን አይቀርም» ላይ ሆኖ ሳለ «ነው» ብሎ መጻፍ የቃል ብክነት ብቻ አይደለም፤ ያልተከፈለበትን እቃ እንደ መውሰድ ነው።

የአንድምታ ሊቃውንት አንድን ንባብ «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ይተረጉማሉ፤ አንዱን ለመቀበል ሌላውን መጣል አይገደዱም። ሳይንሳዊ ምርምር በዚህ ይለያል፤ መላ ምቶቹን የሚደረድረው ሊጥል ነው። ነገር ግን ለመጣል መጀመሪያ መደርደር ያስፈልጋል። በዚህ ክርክር ውስጥ የጎደለን መደርደሩ ነው። ሁለት «አንድም» ብቻ አስቀመጥን፤ የጋራ ሥራ ሊሆን ይችላል የሚለውን፣ እጅ የገባበት የቆየ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል የሚለውን ሳንደረድር ወደ ፍርድ ሮጥን።

በዚህ ክርክር ውስጥ ምን እንዳስያዝንም ማወቅ ይገባናል። ብዙዎቻችን የኢትዮጵያን የማሰብ ክብር በዚህ አንድ መጽሐፍ ላይ አስይዘናል፤ ስለዚህም የሚጠራጠረውን እንደ ጠላት፣ የሚቀበለውን እንደ ወገን እንቆጥራለን። ይህን ስናደርግ «ኢትዮጵያዊ እንዲህ ሊያስብ አይችልም» ላለው ሰው ሳናውቀው ዋስ ሆነናል፤ ሐተታው ከእጃችን ቢወጣ ሌላ የምናሳየው እንደሌለን ተስማምተናልና። ሐተታው የዳ ኡርቢኖ ሆኖ ቢገኝ በአንድምታው፣ በቅኔው ሰምና ወርቅ፣ በችሎቱ ሙግት ውስጥ ያለው የአመክንዮ ስልት አብሮት አይወድቅም። ኢትዮጵያዊነቱ ቢረጋገጥም እነዚህን ከማጥናት አያድነንም።

እኔ ዛሬ ባለው ማስረጃ፣ ሁለቱ «አይችልም»ዎች ከተነሡ በኋላ፣ ዳ ኡርቢኖ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከገልባጭ ያለፈ እጅ ሳይኖረው አይቀርም እላለሁ፤ ያ እጅ ምን ያህል እንደ ገባና ከሥሩ የቆየ ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን ግን ማስረጃው አይፈርድም። ተማሪዎቻችን ከ«ማን ጻፈው?» በፊት «በምን ዋስ?» ብለው መጠየቅ ቢለምዱ፣ የልደቱን ቀን፣ የደብዳቤዎቹን ቅደም ተከተልና የእያንዳንዱን ቃል ዘመን በሰንጠረዥ አስፍረው ቢጀምሩ፣ ከቀደሙት ተሟጋቾች የተሻለ ፍርድ ላይ ለመድረስ መንገድ ይከፈትላቸዋል።